ቅርስና ባለቅርሱ፦ ስለ ኮንሶ የባህል መልክዓ ምድር አያያዝና አቀራረብ

በአነጋገራችን «ጥሪት» እና «ቅርስ» አብረው የሚነገሩ ቃላት ናቸው። አንድ ሰው ጥሪትም ቅርስም የለውም ሲባል ለነገ የሚነሣበት የለውም ማለት ነው። ስለዚህ ቅርስ የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይዟል፤ አንደኛው ካለፈው ትውልድ የተላለፈ መሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ በሕይወት ያለው ትውልድ እየሠራበትና እያበዛው የሚኖርበት መሆኑ ነው። ከጥቂት አሥርት ዓመታት ወዲህ ግን ቃሉ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ በበዓል ንግግርና በጎብኚዎች መምሪያ ጽሑፍ ላይ በተደጋገመ መጠን ሁለተኛው ትርጉሙ እየሳሳ መጥቷል። ቅርስ ሲባል ታጥሮ የሚጠበቅ፣ ትኬት የሚቆረጥለትና ፎቶግራፍ የሚነሣ ነገር ብቻ መስሎ እየታየ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የትርጉም መሳሳት ከአንድ ቦታ ጋር አገናኝቶ መመርመር ነው። ቦታው ኮንሶ ነው።

ኮንሶን የመረጥንበት ምክንያት አለ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ከአዋጆቹ ቁጥር በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዓለም ቅርስ መዝገብ በ1978 ሲከፈት መጀመሪያ ከሠፈሩት 12 ቦታዎች መካከል ሁለቱ፣ ማለትም የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ የእኛ ነበሩ። በ1979 የጎንደሩ ፋሲል ግቢ፣ በ1980 አክሱም፣ ጢያ፣ የታችኛው አዋሽና የታችኛው ኦሞ ሸለቆዎች ተከተሉ። በ2006 ሐረር ጁገል፣ በ2011 ኮንሶ፣ በ2023 የጌዴኦ መልክዓ ምድርና የባሌ ተራሮች፣ በ2024 መልካ ቁንጡሬና ባልጪት ተጨመሩ። ይህን ዝርዝር በጥሞና የተመለከተ ሰው የአስተሳሰብ ጉዞ ያነብበታል። የመጀመሪያዎቹ በአብዛኛው ሐውልቶች፣ ሕንጻዎች፣ የተፈጥሮ ገጽታዎችና የቅሪተ አካል መገኛዎች ናቸው። የዓለም ቅርስ ኮሚቴ «የባህል መልክዓ ምድር» የሚለውን ክፍል በ1992 ከተቀበለ በኋላ ግን፣ ሰውና መሬት ለረጅም ዘመን ተጋግዘው የፈጠሩት አገር እንዳለ ቅርስ ሊባል ቻለ። ኮንሶና ጌዴኦ በዚህ በር የገቡ ናቸው። በዚህ በር የገባ ቅርስ ሐውልት በሚጠበቅበት ዘዴ ሊጠበቅ አይችልም፤ የችግሩም ሥር ይህ ነው።

የኮንሶ ይዘት

ኮንሶ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ከአርባ ምንጭ በስተደቡብ የሚገኝ ደጋማ ግን ዝናብ የሚያንሰው ድንጋያማ አገር ነው። በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ክፍል 55 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ኮረብቶቹ ከግርጌ እስከ ራስ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ በተደረደረ ድንጋይ ተከብበዋል፤ የእርከኑ ግድግዳ በአንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። እርከኑ አፈሩን ከመሸርሸር ያግዳል፣ ትንሹን ዝናብ ያጠራቅማል፣ የተረፈውን ውሃ በሥርዓት ያስወጣል፤ ማሽላውም በዚያ ላይ ይበቅላል። ይህ ሥራ ለ21 ትውልድ፣ ከ400 ዓመታት በላይ ሲወርድ ሲዋረድ እንደ መጣ ይነገራል።

ሰዎቹ የሚኖሩት «ፓለታ» በሚባሉ የታጠሩ ከተሞች ውስጥ ነው። እያንዳንዱን ከተማ ከአንድ እስከ ስድስት ዙር የድንጋይ ካብ ይከብበዋል። በውስጡ «ሞራ» የሚባሉ አደባባዮች አሉ፤ ሸንጎ የሚቀመጠው፣ ክርክር የሚፈታው፣ ጭፈራ የሚጨፈረው በእነርሱ ነው። በሞራው ላይ የቆመው ባለ ሣር ክዳን ቤት «ፓፍታ» ይባላል። የከተማው ወጣቶች ሌሊቱን በዚያ ያድራሉ፤ እሳት ቢነሣ፣ ጠላት ቢመጣ ወይም በሌሊት የታመመ ሰው ቢኖር ፈጥነው የሚደርሱት እነርሱ ናቸው። ጎረምሳው ለአካለ መጠን መድረሱን የሚያሳይበት የሚነሣ ድንጋይ፣ ለየትውልዱ ሽግግር የሚተከለው ግንድና የሚቆመው ትክል ድንጋይም በዚሁ አደባባይ ይገኛሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን መያዝ ይገባናል። የኮንሶ እርከን አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያለቀ ሥራ አይደለም። ጭቃ የሌለው ካብ ነውና የዝናብ ጎርፍ ያፈርሰዋል፣ ከብት ይገፋዋል፣ ሥር ይፈነቅለዋል። ከላይ ያለው ገበሬ የፈረሰበትን ድንጋይ መልሶ ካልካበ ውሃው ተጠራቅሞ ከታች ባለው ጎረቤቱ እርሻ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ እርከኑ ድንጋይ ከመሆኑ በፊት የመተጋገዝ ሕግ ነው። ፓፍታውም ጎጆ ከመሆኑ በፊት የወጣቱ ግዴታ ነው። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ሩቅ ከተማ ሄዶ ቢቀር ጎጆው አምሮ ታድሶ ሊቆም ይችላል፤ የጎጆው ሥራ ግን አብሮት ሄዷል። የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ ስለ ይዘትና ቅርጽ ሲናገር የሚያነሣው ጥያቄ እዚህም ይነሣል፦ ይዘቱ የወጣለት ቅርጽ ስንት ዘመን ይቆማል?

የአቀራረቡ ጉድለት

ወደ ኮንሶ የሚመጣው ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ መንገደኛ ነው። ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጂንካና ወደ ታችኛው ኦሞ ሸለቆ ሲያልፍ ጥቂት ሰዓት ያርፋል፣ አንድ ከተማ ይዞራል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ ይሄዳል። የጎብኚው መቸኮል የራሱ ጉዳይ ነው ሊባል ይችላል። ለቸኳይ ጎብኚ ምን እንደሚቀርብለት የሚወስነው ግን አስተናጋጁ ነው።

በገሰርግዮ አጠገብ ጎርፍና ነፋስ የፈለፈሉት፣ እንደ ማማ የቆመ ቀይ አፈር ያለበት ገደል አለ። ይህ ቦታ በአስጎብኚዎችና በመምሪያ ጽሑፎች ዘንድ የሚታወቀው «ኒው ዮርክ» በሚል ስም ነው፤ የአፈሩ ማማዎች ፎቅ ቤቶችን ይመስላሉ ተብሎ ነው። ኮንሶዎች ግን ስለዚህ ገደል የተሰረቀ ከበሮ፣ የተቀበረበት ጉድጓድና በአምላክ ኃይል ስለ መገኘቱ የሚናገር የራሳቸው ትረካ አላቸው። ከሁለቱ የትኛው ለጎብኚው ይጠቅመዋል? የአንድ ባዕድ ከተማን ስም ለመስማት ማንም ይህን ያህል መንገድ አይጓዝም። በቀልድ የወጣ ስም ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ስም በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ሲቆም ያስተምራል፤ የመንደሩ ልጅም የአያቱን ትረካ ትቶ የሰሌዳውን ስም ይይዛል።

ከዚህ የከበደው የዋካ ጉዳይ ነው። ዋካ ከጠንካራ እንጨት ተጠርቦ በጀግና መቃብር ላይ ወይም በመንገድ ዳር የሚቆም ምስል ነው። ጀግናው በመካከል፣ ሚስቶቹ በግራና በቀኙ፣ የገደላቸው ጠላቶችና የጣለው አንበሳ ወይም ነብር ከአጠገቡ ይቆማሉ። በአንድ ላይ ሲነበቡ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ናቸው። እንግዲህ ይህ በእንጨት የተጻፈ የሕይወት ታሪክ ለብዙ ዓመታት በሌሊት እየተነቀለ ወደ ጥንታዊ ዕቃ ነጋዴዎች እጅ ሲገባ ቆይቷል። ነጋዴው ከቡድኑ አንዱን መልከ መልካሙን ይወስዳል፣ ሌሎቹን ይተዋል፤ በሩቅ አገር በአንድ ሳሎን ውስጥ የሚቆመው ምስል ከዚያ በኋላ የማን አባት እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» እንደሚባለው፣ መቃብሩ የተደፈረው ባለመቃብሩ ስለ ተናቀ ነው።

ለዚህ የተሰጠው መልስ ከየቦታው የተሰበሰቡትንና ከሌባ እጅ የተያዙትን ዋካዎች በካራት ከተማ በሙዚየም ማኖር ነበር። ይህ ሥራ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ባይደረግ ኖሮ ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ባልቀረ ነበር። ነገር ግን ሙዚየም የማዳኛ የመጨረሻ በር እንጂ የቅርስ ቤት አይደለም። ከመቃብሩ የተለየ ዋካ ዳነ እንጂ አልኖረም። ስለዚህ ሙዚየሙ በዋካው አጠገብ የጀግናውን ስም፣ የከተማውንና የወገኑን ስም፣ ምን ሠርቶ ዋካ እንደ ቆመለት አጣርቶ ሊያኖር ይገባል። ስም የሌለው ዋካ በሙዚየምም ሆነ በነጋዴ ሱቅ ልዩነቱ የመደርደሪያው ብቻ ይሆናል። ለጎብኚ መሸጫ እየተጠረበ የሚቀርበውን ትንሹን ምስል በተመለከተ ግን ቅሬታ የለንም። የሚጠርበው እጅ ያው የኮንሶ እጅ ነው፤ ሙያው እንዳይጠፋም ያግዛል። የሚጎድለው የጠራቢው ስም ከሥራው ሥር መጻፉ ነው።

ሦስተኛው ጉድለት የኪነት ባለሙያውን የሚመለከት ነው። በከተማ መድረኮች ላይ «የኮንሶ ጭፈራ» ተብሎ የሚታየው ብዙ ጊዜ ልብሱና የትከሻው እንቅስቃሴ ብቻ ነው። አጫዋቹ ያ ጭፈራ ከየትኛው ሞራ፣ ለየትኛው ጊዜ፣ ለመከር ወይስ ለጀግና፣ በማን ዕድሜ ላሉ ሰዎች እንደ ሆነ ሳይነግረን ሦስት ደቂቃ ጨፍሮ ይወርዳል፤ ወዲያው በዚያው ልጅ ላይ ሌላ ልብስ ተደርቦ የሌላ ብሔረሰብ ጭፈራ ይመጣል። ተመልካቹ አጨበጨበ፣ ምንም ግን አልተማረ። የመድረክ ሥራ ያለ ቦታና ያለ ጊዜ ትርጉም እንደማይኖረው እያንዳንዱ የተውኔት ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ይማራል። ያው ሕግ በባህል ጭፈራ ላይ ለምን ይነሣል?

የቆርቆሮው ጥያቄ

ስለ ኮንሶ ከተሞች በሚደረግ ውይይት ሁሉ የቆርቆሮ ክዳን መነሣቱ አይቀርም። ሣሩ እየቀረ ቆርቆሮው እየበዛ ሲሄድ የከተማው መልክ ይለወጣል፤ መልኩ ከተለወጠም የተመዘገበበት ምክንያት ይጎዳል። ይህ እውነት ነው። ነገሩን በከተማው ውስጥ ከምትኖር እናት በኩል ስናየው ግን ሌላ እውነት ይታያል። ጎጆዎቹ በካብ ውስጥ ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው፤ በአንዱ ላይ የተነሣ እሳት ነፋስ ካገኘ ለሌላው ይተርፋል። የክዳኑ ሣር በየጊዜው መለወጥ አለበት፤ ሣሩ ደግሞ እየራቀ፣ ዋጋውም እየጨመረ ነው። ቆርቆሮ እሳት አይዘልበትም፤ ለብዙ ዓመታትም ያገለግላል። እንግዲህ ያቺን እናት «ለቅርሱ ስትይ በሣር ቤት ኑሪ» የሚላት ባለሥልጣን ወይም ምሁር እርሱ ራሱ በምን ክዳን ሥር እንደሚያድር መጠየቅ ፍትሕ ነው።

ይህን ስንል መልኩ ይጥፋ ማለታችን አይደለም። ግዴታው የሁሉም ከሆነ ወጪውም የሁሉም ይሁን ማለታችን ነው። አገርና ዓለም የሣር ክዳኑን የሚፈልጉት ከሆነ የሣሩን ዋጋ፣ የውሃ ማጠራቀሚያውንና የእሳት መከላከያውን ወጪ መካፈል አለባቸው። ውበቱ ለጎብኚው፣ ስጋቱ ለነዋሪው ሆኖ የተከፋፈለ ቅርስ ዕድሜ አይኖረውም።

ላሊበላ የሚያስተምረው

የነዋሪውና የቅርሱ መለያየት ምን እንደሚያስከትል ለማየት ወደ ላስታ መሄድ ይጠቅማል። በላሊበላ 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ፣ በአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተሠሩ ባለ ሁለት ፎቅ ክብ ቤቶች ነበሩ፤ ካህኑና ምእመኑ በዚያ ይኖር ነበር። ቅርሱን ለመጠበቅ ተብሎ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ሌላ ሠፈር እንዲዛወሩ ተደረገ። በ2008 ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ ትላልቅ መጠለያዎች ቆሙ፤ ጊዜያዊ ተብለው የቆሙት እነዚህ መጠለያዎች ግን ዓመታት አስቆጠሩ። በ2018 የከተማው ሕዝብ የመጠለያዎቹን አደጋ በመግለጽ ሰልፍ ወጣ። ከውጭ የመጣ ባለሙያ ዕውቀት አያስፈልግም የሚል የለም፤ ዝናብ ድንጋዩን እየጎዳ ነበርና አንድ ነገር መደረግ ነበረበት። ትምህርቱ ሌላ ነው፦ በቅርሱ ሥር በየቀኑ የሚቆመው ሰው በጥበቃው ሐሳብ ውስጥ ከመጀመሪያው ካልገባ፣ በመጨረሻ የሚገባው በሰልፍ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ኑሮን ይመለከታል። በ2020 ወረርሽኙ፣ በዚያው ዓመት ደግሞ ጦርነቱ ሲመጣ፣ የጎብኚው መንገድ ተዘጋ። በ2021 ከተማዋ ራሷ በተዋጊዎች እጅ ስትገባና ስትወጣ ቆየች። አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ የሆቴል አስተናጋጁ፣ የእጅ ሥራ ሻጩ ባንድ ጊዜ ገቢያቸው ነጠፈ። ሙሉ እንጀራውን በእንግዳ መምጣት ላይ የመሠረተ ከተማ እንግዳው ሲቀር ምን እንደሚሆን ያ ዘመን አሳየን። በአንጻሩ እዚያው አቅራቢያ በመቄት ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ በየኮረብታው አፋፍ የእንግዳ ጎጆ ሠርተው ተጓዦችን ሲያስተናግዱ የቆዩበት አሠራር የተሻለ መሠረት ነበረው፤ እንግዳው ቢመጣ ተጨማሪ ገቢ ነው፣ ቢቀር እርሻው በቦታው አለ። ኮንሶም ይህን ዕድል በእጁ ይዟል። እርከኑ ማሽላ እስካበቀለ ድረስ ቅርሱ ባለቤቱን ይመግባል፤ ቱሪዝም በዚያ ላይ የሚጨመር እንጂ ያንን የሚተካ መሆን የለበትም።

በዚያው መንገድ ወደ ታች ሲወረድ፣ በታችኛው ኦሞ፣ ለፎቶግራፍ መክፈል ከተለመደ ወዲህ ሰዎች ለጎብኚው ዓይን ሲሉ በወትሮው የማያደርጉትን ጌጥ እስከ መደራረብ ደርሰዋል። ጥፋቱን በሠሪው ላይ ብቻ መጣል አይገባም፤ በገበያው የሚፈለገው ያ ነበር። ኮንሶ ገና በሁለቱ መንገዶች መገናኛ ላይ ቆሟል።

የመፈክርና የአዋጅ ነገር

አገራችን ራሷን ለዓለም ያስተዋወቀችበት የመጀመሪያው መፈክር «የ13 ወር ፀጋ» ነበር። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1960ዎቹ ያስገቡት ይህ መፈክር አገሪቱን በፀሐይዋ ያስተዋውቃል። በ2016 የተተካው «ምድረ ቀደምት» ደግሞ በምድሯ ጥንታዊነት ያስተዋውቃታል። ሁለቱም ጥሩ ቃላት ናቸው። በሁለቱም ውስጥ ግን ድንጋዩን የሚክበው ሰው የለም። አዋጆቻችንም እንዲሁ የራሳቸው ወሰን አላቸው። ቅርስን ስለ ማጥናትና ስለ መጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ የመደበው አዋጅ ቁጥር 839/2006 ጠቃሚ ሕጎች ናቸው፤ ኃላፊነትን ያደላድላሉ። የወጣቱን ግዴታ በፓፍታ ውስጥ ሊያቆዩ ግን አይችሉም። ያን የሚያቆየው የኮንሶ ወጣት በአባቶቹ ከተማ መኖር የሚያዋጣውና የሚያኮራው ሆኖ ሲያገኘው ብቻ ነው።

ምን ይደረግ?

ሂስ ጉድለትን ዘርዝሮ ቢያቆም ግማሽ ሥራ ነው። ስለዚህ ለባህል ሠራተኛው፣ ለመምህሩና ለኪነት ሰው የሚከተሉትን እናቀርባለን።

በመጀመሪያ፣ ከጎብኚ የሚገኘው ገቢ ለእርከን፣ ለካብ፣ ለፓፍታና ለሣር ክዳን እድሳት የሚውል ድርሻ ይለይለት፤ ድርሻው በከተማው ሽማግሌዎች ሸንጎ ይወሰን፣ ሒሳቡም በሞራው ላይ ለሕዝብ ይነበብ። ሸንጎው ከዘመናት በፊት የተቋቋመ ነውና አዲስ ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ በየመቃብሩ የቀሩት ዋካዎች ከነቦታቸው፣ ከነስማቸውና ከነመጠናቸው ይመዝገቡ። የተመዘገበ ነገር ለመስረቅ ይከብዳል፣ ቢሰረቅም ለመጠየቅ ይቀላል። የአክሱም ሐውልት በ1937 ተወስዶ በ2005 የተመለሰው፣ በ2008ም በቦታው የቆመው ባለቤቱ በውል ስለሚታወቅ ነው። 160 ቶን የሚመዝነውን ድንጋይ ያስመለሰች አገር በአንድ ሰው ትከሻ የሚወሰደውን እንጨት ማስመዝገብ አያቅታትም።

ሦስተኛ፣ በአካባቢው ያሉ መምህራን እርከኑን መማሪያ ያድርጉት። ተማሪው የካቡን ከፍታ ይለካ፣ ውሃው በየት እንደሚወጣ ይሳል፣ የድንጋዩን ስም ከአያቱ ጠይቆ ይጻፍ። የሒሳብ፣ የመልክዓ ምድርና የሥነ ጽሑፍ ትምህርት በአንድ እርሻ ላይ ይገናኛሉ። አስጎብኚውም ከዚህ ትምህርት ቤት ሲወጣ የሚናገረው ከመምሪያ ጽሑፍ የተሸመደደ አይሆንም።

አራተኛ፣ ስለ ኮንሶ ተውኔት ወይም ጭፈራ የሚያዘጋጅ የኪነት ቡድን ቢያንስ አንድ የእርሻ ወቅት በዚያ ይቀመጥ፣ ሥራውንም ከአዲስ አበባ በፊት በሞራው ያሳይ። የመጀመሪያ ተመልካቹ ባለቤቱ ራሱ ሲሆን፣ የተሳሳተው እዚያው ይታረማል፤ ፍርዱም ከማንኛውም ሐያሲ ፍርድ የበለጠ ይሆናል። የሐረር ሰው በጁገል ውስጥ በአባቱ ቤት፣ በንጹሑ መደብ ላይ እንግዳውን አስቀምጦ ስለ ቤቱ ራሱ ሲናገር የሰማ ሰው በባለቤት አንደበት የሚነገር ነገር ምን ያህል እንደሚለይ ያውቃል።

በመጨረሻም የሪፖርታችን መለኪያ ይለወጥ። በየዓመቱ መጨረሻ ስንት ጎብኚ መጣ፣ ስንት ብር ተገኘ የሚል ቁጥር ይቀርባል። ከጎኑ ሌሎች ቁጥሮች ይቅረቡ፦ ዘንድሮ ስንት ሜትር እርከን ፈረሰ፣ ስንት ሜትር ተካበ? በስንቱ ፓፍታ ወጣቶች ያድራሉ? የቆርቆሮ ክዳኑን በፈቃዱ የለወጠ ስንት ቤተሰብ ድጋፍ አገኘ? እነዚህ ቁጥሮች ሲያድጉ የጎብኚው ቁጥር ማደጉ ሊያስደስተን ይገባል። እነዚህ እየቀነሱ የጎብኚው ቁጥር ብቻ ካደገ ግን ጥሪታችንን እየሸጥን መሆናችንን አውቀን ከወዲሁ መመከር አለብን።